የሞባይል ሶፍትዌር ለመሥራት ኮምፒውተራችንን እንዴት እናዘጋጅ?

«የጋዜጠኝነት ተማሪን ከኮድ ጋር ምን አገናኛት?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ምክንያቴን ላስቀድም። ለእረፍት ቦኖሻ በሄድኩ ጊዜ እናቴ ስልኳን አቀበለችኝና «ልጄ፣ ይሄ ምን ይላል?» አለችኝ። ስለ ወባ በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ነበር። እናቴ የምትናገረው ሀዲይሳ ነው፤ ማንበብ አትችልም። ታዲያ እኔ ከሌለሁ ማን ያነብላታል? ሥዕሉ ሲነካ በሀዲይሳ የሚናገር ትንሽ ፕሮግራም ልሠራላት ያን ቀን ወሰንኩ።

ለመሆኑ ምን ምን ያስፈልጋል? ለአንድሮይድ ስልክ ዋናው መሣሪያ አንድሮይድ ስቱዲዮ ይባላል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2013 ያስተዋወቀው ሲሆን የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2014 ወጣ። ክፍያ የለውም። በውስጡ ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛው ኮድ የምንጽፍበት ገጽ ነው። ሁለተኛው ኤስዲኬ ሲሆን ለየአንድሮይዱ ስሪት የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች ስብስብ ነው። ሦስተኛው ግሬድል ነው፤ ኮዱን፣ ሥዕሉንና ድምፁን ሰብስቦ ስልክ ላይ የሚጫን አንድ ፋይል ያደርጋቸዋል። ኮዱ በጃቫ ወይም በኮትሊን ይጻፋል፤ ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ቅድሚያ የሰጠው ለኮትሊን ነው።

አሁን ወደ ችግሮቹ ልግባ። የመጀመሪያው ኢንተርኔት ነው። ስቱዲዮው ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ከጓደኛዬ በፍላሽ ወሰድኩት። በፍላሽ የሚዞር ነገር ቫይረስ ሊኖረው ስለሚችል ግን ዝም ብላችሁ አትጫኑ። ጎግል በማውረጃው ገጽ ላይ ኤስኤችኤ-256 የሚባል የማረጋገጫ ቁጥር ያወጣል። የእናንተ ፋይል ቁጥር ከዚያ ጋር አንድ ከሆነ ፋይሉ አልተነካም ማለት ነው።

«በቃ ጨረስኩ» ስል ግሬድል ደግሞ የራሱን ማውረድ ጀመረ። ኔትወርኩ መሐል ላይ ሲቋረጥ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ፤ እኔ ያበላሸሁት መስሎኝ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት። ለካስ ምንም አልተበላሸም! የመጀመሪያውን ፕሮጀክት ጥሩ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ከፍቶ እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ ኦፍላይን የሚለውን መርጦ ቤት ውስጥ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል።

ሁለተኛው ችግር የኮምፒውተር አቅም ነው። ኢሙሌተር በኮምፒውተር ውስጥ የሚከፈት የውሸት ስልክ ነው። ጎግል ለስቱዲዮው ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም፣ ከኢሙሌተር ጋር ከሆነ 16 ይላል። የኔ ላፕቶፕ 8 ብቻ ስለሆነ ቀጥ አለ። መፍትሔው እውነተኛ ስልክ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚናገረውን ክፍል ከፍታችሁ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩ። «ዲቨሎፐር ኦፕሽንስ» ይመጣል፤ በውስጡ «ዩኤስቢ ዲበጊንግ» የሚለውን አብሩ። ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ከሆነ ኮምፒውተሩ ስልኩን አያየውም፤ እኔ ግማሽ ቀን ያባከንኩት በዚሁ ነው። ሥራችሁን ስትጨርሱ ማጥፋቱን አትርሱ።

ሦስተኛው ችግር የመጣው እናቴ ስልክ ላይ ነው። እኔ ስልክ ላይ የሠራው ፕሮግራም እሷ ስልክ ላይ አልጫን አለ። ፕሮጀክቱን ስከፍት ዝቅተኛውን ኤስዲኬ 24 አድርጌው ነበር፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አንድሮይድ 7.0 ማለት ነው። የእሷ ስልክ 6.0 ነው። ቁጥሩን ወደ 23 ባወርደው ተጫነ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የተጠቃሚውን ስልክ ጠይቁ። ጋዜጠኛ ለማን እንደሚጽፍ አስቀድሞ እንደሚያውቀው ሁሉ!

መልእክቱን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አረመችልኝ፤ ድምፁን እህቴ ቀዳችልኝ። እናቴ ሥዕሉን ሦስት ጊዜ ነካችና «ይሄ የእህትሽ ድምፅ አይደለም እንዴ?» ብላ ሳቀች። ቀጥላም «የበርበሬ ዋጋስ አይናገርም?» አለችኝ።

እሱን ገና አልመለስኩላትም። ዋጋው በየገበያው ቀን ይለዋወጣል፤ እየዞረ ጠይቆና አጣርቶ የሚናገር ሰው ይፈልጋል። ኮምፒውተሩን ማዘጋጀት የጥቂት ቀን ሥራ ነው። የቀረው ግን የእኛው የሙያ ሥራ ነው። ፍላጎት ያላችሁ ካላችሁ አብረን እንሥራ።