ሲሰረዝ የማይመለሰው ዲስክ

ላፕቶፑ የተንቀረፈፈበት ሰው አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ፎርማት አስደርገው» የሚል ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሁለተኛ ምክር ተጨምሯል፤ «ኤስኤስዲ አስገባበት»። ሁለቱም ደህና ምክሮች ናቸው። አብረው ሲፈጸሙ ከውጭ በዘመድ እጅ የመጣ የአሥር ዓመት ላፕቶፕ እንደገና የሚያሠራ ዕቃ ይሆናል። ነገር ግን ፎርማት የሚለው ቃል በአሮጌው ሀርድ ዲስክ ላይ የነበረው ትርጉምና በኤስኤስዲ ላይ ያለው ትርጉም አንድ አይደለም። ይህን ሳያውቁ የሠርግ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሟች እናት ድምፅ ያጡ ሰዎች አሉ።

ሀርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህን ነው። አይቢኤም በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው 50 ሳህኖች ተደራርበውበት 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ይይዝ ነበር። በየላፕቶፓችን የነበሩት የልጅ ልጆቹ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራሉ፤ በላያቸው አንዲት አንባቢ ክንድ ወዲያ ወዲህ እያለች የታዘዘችውን ቦታ ትፈልጋለች። አንዱ ፍለጋ የሴኮንድ አንድ መቶኛ ገደማ ይፈጅባታል። ሲያዩት ኢምንት ነው፤ ዊንዶውስ ሲነሣ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን ስለሚጠራ ባለቤቱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል።

በኤስኤስዲ ውስጥ የሚዞርም የሚንቀሳቀስም ነገር የለም። መሠረቱ ፉጂዮ ማሱኦካ የተባሉ የቶሺባ መሐንዲስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1984 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያቀረቡት የፍላሽ ሜሞሪ ነው፤ ዛሬ በየዲስኩ ውስጥ ያለው ናንድ የተባለው ዓይነት ደግሞ በ1987 እ.ኤ.አ. ተከተለ። ፍላሽ የሚለውን ስም ያወጡለት የማሱኦካ ባልደረባ ሾጂ አሪዙሚ ናቸው። መረጃው ባንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ የካሜራ ፍላሽ አስታወሳቸው። ስሙ የወጣው እንግዲህ ከማስቀመጡ ሳይሆን ከማጥፋቱ ነው። እኛም በኪስ የምንይዛትን የዩኤስቢ ዕቃ «ፍላሽ» ስንል በዚያው ስም እየጠራናት ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። እያንዳንዷ ሕዋስ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይዛ ትዘጋለች፤ መብራት ቢጠፋም ቻርጁ እዚያው ይቆያል። መረጃ የሚጻፈው ጥቂት ኪሎባይት በምትይዝ ገጽ ነው። የሚጠፋው ግን በገጽ አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾችን ባቀፈ ብሎክ ነው። መስመር በመስመር የሚጻፍበት፣ ዳስተር ሲነካው ግን ሙሉ በሙሉ ብቻ የሚጠፋ ጥቁር ሰሌዳ አድርገው ያስቡት። አንዷን መስመር መለወጥ የፈለገ መምህር የቀሩትን ወደ ሌላ ሰሌዳ ገልብጦ አሮጌውን በሙሉ ማጥፋት አለበት። የኤስኤስዲ መቆጣጠሪያ ቺፕ ቀን ከሌት የሚሠራው ይህንኑ ነው። መጥፋት ሕዋሷን ጥቂት በጥቂት ስለሚያደክማት ቺፑ ድካሙን ለሁሉም ሕዋሶች እኩል ያከፋፍላል። ይህ ግን ሊያስፈራ አይገባም። ብዙ ጊዜ የሚሸጥ ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ዋስትና ሊሰጠው ይችላል፤ በቀን 20 ጊጋባይት ቢጻፍበት እንኳ ከ40 ዓመት በላይ ነው። ዲስኩ ድንገት ከሞተም አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሕመም ነው።

የፎርማት ትርጉም የተለወጠውም በዚሁ አሠራር ምክንያት ነው። በሀርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሲሰረዝ ወይም ፈጣን ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው አድራሻው ብቻ ነበር፤ ቤቱ ቆሞ ከበሩ ላይ ቁጥሩ እንደሚነቀል ማለት ነው። ስለዚህ የጠፋ ፎቶ በማገገሚያ ፕሮግራም ተፈልጎ ይገኝ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮ ግን ኮምፒውተሩ ለኤስኤስዲው ትሪም የሚባል መልእክት ይልካል፦ እነዚህ ገጾች ከእንግዲህ አያስፈልጉም። ዲስኩም ሥራ ሲያገኝ ለመፍጠን ሲል በትርፍ ጊዜው ያጠፋቸዋል። ቤቱ ፈርሶ ቦታው ተጠረገ። ከዚያ በኋላ ባለሙያ ጋ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሌላው አደጋ ከልማዳችን የመጣ ነው። የጥገና ሰዎች ዲስክን «ሲ» እና «ዲ» ብለው ለሁለት ይከፍሉና ፎርማት የሚያደርጉት «ሲ»ን ብቻ ነበር። «ዲ ላይ ያለው አይነካም» የሚለውን ቃል ያልሰማ ደንበኛ የለም። ንጹሕ ጭነት ሲባል ግን በዲስኩ ላይ ያሉ ክፍሎች በሙሉ ተሰርዘው አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ይቀራል፤ «ዲ»ም አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ ብዙዎቻችን ፋይላችንን የምናስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ድሮም «ሲ» ውስጥ ነው።

ከፎቶውና ከጽሑፉ ሌላ ማንም የማያስታውሰው ዕቃ አለ፤ ፎንት። የግዕዝ ፊደል የዓለም ቋንቋዎች ፊደላት ወጥ መለያ ወደሆነው ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው በላቲን ፊደሎች ቦታ የግዕዝ ቅርጽ ባስቀመጡ ፎንቶች ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ያ ጽሑፍ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። አንድ አጎቴ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ ሰባት ትውልድ ቆጥሮ በእንዲህ ያለ ፎንት ጽፎት ነበር። ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስ የጫነለት ባለሙያ ፋይሉን በጥንቃቄ ገልብጦ መለሰለት፤ ፎንቱን ግን አላሰበውም። አጎቴ የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቅቶት ፎንቱ ከአንድ ወዳጁ አሮጌ ኮምፒውተር እስኪገኝ ሁለት ወር አዘነ። ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ የሚባለውን ፎልደር አብሮ መገልበጥ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ይህ ሁሉ ተገልብጦ ከተጠናቀቀ ጭነቱ ራሱ ቀላል ነው። ቢያንስ 8 ጊጋባይት የምትይዝ ፍላሽ ላይ የዊንዶውስ መጫኛውን በማይክሮሶፍት በራሱ መሣሪያ ማዘጋጀት፣ ከእርሷ ማስነሣት፣ አሮጌዎቹን ክፍሎች ሰርዞ ባዶውን ቦታ መርጦ መቀጠል። ኮምፒውተሩ ሁለት ዲስክ ካለው አሮጌውን ለጊዜው ነቅሎ ማስቀመጥ ያሻል፤ አለዚያ መጫኛው የማስነሻ ፋይሎቹን እዚያ ላይ ሊያኖር ይችላል፤ አሮጌው ዲስክ የወጣ ዕለት ማሽኑ አልነሣም ይላል። በአንዳንድ አዳዲስ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ መጫኛው ዲስኩን ጭራሽ ላያየው ይችላል። ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም፤ የማከማቻው ድራይቨር ከአምራቹ ወርዶ ፍላሿ ላይ መቀመጥ ነበረበት። አሮጌው ዲስክ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ ከነበረም 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሳይያዝ ዲስኩን መንቀል አይገባም።

ፈቃዱ አያስጨንቅ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 በሕጋዊ መንገድ ነቅቶ ከነበረ ፈቃዱ የሚታወቀው በማዘርቦርዱ ስለሆነ፣ ዲስክ ቢቀየርም ያው እትም ሲጫንና ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይነቃል። «ክራክ» የሚሉትን ማንቂያ ግን በንጹሕ ዲስክ ላይ መጫን ያጠቡትን ልብስ ጭቃ ውስጥ መልሶ መንከር ነው፤ ቫይረስ ከሚገባባቸው ሰፋፊ በሮች አንዱ እርሱ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ኡቡንቱን ወይም ሚንትን ቢጭን በነጻ፣ በሕጋዊ መንገድና ያለ ክራክ ይገለገላል። እኔ ለዘመዶቼ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ዲፍራግ ማድረግ የሚባለው አሮጌ ልማድም እዚህ ይቁም። የሚዞር ሳህን በሌለበት ፋይሎችን አጠገብ ላጠገብ መደርደር ሕዋስ ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም፤ ዊንዶውስ ራሱ ኤስኤስዲ መሆኑን ሲያውቅ በዋነኛነት የትሪምን መልእክት ደግሞ ይልካል።

ላፕቶፕዎን ለጥገና ሰው ከመስጠትዎ በፊት ፎቶዎን፣ ጽሑፍዎንና ፎንቶችዎን በሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ገልብጠው ሲጨርሱም ያንን ዲስክ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ጥቂት ፋይሎች ከፍተው ይዩ። ሲከፈቱ ካዩ በኋላ ይስጡት።