ለሞተር ቢሲክሌት ሰንሰለት ስለሚገባው ጥንቃቄ

ቤተ ሰብ የሚጠበቀው በምግብና በልብስ ብቻ አይደለም፤ ከቤት ወጥቶ በደኅና ለመመለስ በሚያገለግለው መጓጓዣ ጭምር ነው። አባቶቻችን መንገድ ሳይጀምሩ የበቅሏቸውን ኮርቻና ልጓም፥ ኮቴዋንም ሳይቀር ይመለከቱ ነበር። በዛሬው ቀን ግን ልጁ ወይም ወንድሙ በሞተር ቢሲክሌት ወደ ሥራ የሚሄድበት ቤት ብዙ ሲሆን፥ ሰንሰለቱን ጐንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የጋራዥ ሰዎች ካቴና ስለሚሉት ስለዚህ ሰንሰለት ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

በብዙዎቹ ሞተር ቢሲክሌቶች ዘንድ የሞተሩ ኀይል ወደ ኋላው ጎማ የሚደርሰው በሰንሰለት ነው። በየመጋጠሚያው ተሽከርካሪ ቀለበት ያለውን፥ ዛሬ የምናየውን ዐይነት ሰንሰለት፥ በማንቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሐንስ ሬኖልድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1880 ዓ.ም. አወጣው። በየመጋጠሚያው ውስጥ ቀጭን የብረት ዘንግ በአጭር ቧንቧ ውስጥ ይዞራል። ሰዎች «ሰንሰለቱ ተለጠጠ» ይላሉ፤ ነገር ግን ብረቱ የተለጠጠ ሳይሆን፥ ዘንጉና ቧንቧው ተፋትገው የተበሉ ናቸው። 110 መጋጠሚያ ያለው ሰንሰለት በየመጋጠሚያው የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ብቻ ቢበላ፥ ርዝመቱ በ11 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። እንዲህ የረዘመ ሰንሰለት ከጥርሳሙ መዘውር ላይ ሊወልቅ ይችላል፤ ወልቆም በኋላው ጎማ ላይ ቢጠመጠም፥ ጎማው በድንገት ተይዞ ነጂውን ይጥላል።

እንግዲህ የሰንሰለት ጤንነት በማይታየው በውስጡ ነው። በላዩ ዘይት በብዛት ማፍሰስ ግን አቧራ ከመሰብሰብ በቀር አይጠቅምም፤ አቧራና ዘይትም ተደባልቀው እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩን ማጥፋትና ቁልፉን መንቀል ይገባል። ሞተሩ እየሠራ ሰንሰለቱን በጨርቅ የሚጠርግ ሰው፥ ጨርቁ ከጥርሱ ጋር ሲያዝ ጣቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ጎማውን በእጅ ብቻ እያዞሩ መሥራት፥ ሕፃናትንም ከአጠገቡ ማራቅ የተገባ ነው።

በብዙ አዳዲስ ሰንሰለቶች መጋጠሚያ ላይ፥ በፋብሪካ የተጨመረውን ግራሶ በውስጥ የሚጠብቁ ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ። ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ እነዚህን ስለሚጐዱ፥ ከእሳት ርቆ በጥቂት ላምባና በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት፥ ከዚያም በጨርቅ ማድረቅ ይሻላል።

ዘይት የሚቀባው ከጉዞ በኋላ ሰንሰለቱ ሞቅ እንዳለ ነው። ለሰንሰለት የተሠራውን ዘይት ወይም የካምቢዮ ዘይት በታችኛው ክፍል፥ ከውስጥ በኩል ጠብ ጠብ ማድረግ ነው፤ ሰንሰለቱ ሲዞር ዘይቱን ራሱ ወደ ውጪ እየገፋ በመጋጠሚያዎቹ መካከል ያዳርሰዋል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ግን የብረት ብናኝ ስላለበት አይበጅም። ዘይቱ ጎማውንና ፍሬኑን እንዳይነካ ተጠንቅቆ፥ የተረፈውን መጥረግ ያስፈልጋል። ይህንንም በየ500 ኪሎ ሜትሩ ያህል፥ በክረምት ደግሞ ዝናብና ጭቃ ከመታው በኋላ ሁሉ መፈጸም መልካም ነው።

ሰንሰለቱ እጅግ የላላ እንዳይሆን እንደምንጠነቀቅ፥ እጅግ የተወጠረም እንዳይሆን ማሰብ አለብን፤ ነጂው ሲቀመጥ ይብሱን ይወጠርና ኩሺኔቱን ይጐዳል። በታችኛው ክፍል መካከል በጣት ሲገፋ፥ በብዙዎቹ ዘንድ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ትክክለኛውን ልክ ግን ከፋብሪካው መጽሐፍ መመልከት ነው። የመዘውሩ ጥርስ እንደ ሜንጦ ጐብጦ ከታየ፥ ሰንሰለቱንና ሁለቱን መዘውሮች አንድ ላይ መለወጥ ያስፈልጋል፤ አሮጌው ጥርስ አዲሱን ሰንሰለት ቶሎ ይበላዋልና።

ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሥራ ነው። ለአሽከር ወይም ለጋራዥ ብቻ የሚተውም አይደለም፤ የሚነዳው ሰው ራሱ ቢያደርገው፥ የሚሳፈርበትን ነገር ጠባይ ያውቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ልጆቻችን ይህን ልማድ ከወጣትነታቸው እንዲይዙት እናሳስባለን፤ ማታ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃቸው ሰው አለና።