ያውቁ ኖሯል? በብሽሽት ገብቶ አንጎል የሚደርሰው ቱቦ

የረጋ ደም ትልቁን የአንጎል ደም ቧንቧ ሲደፍነው (ስትሮክ) በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ያውቁ ኖሯል? ለሕክምና ከሚዛን ተፈሪ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው መንገዱ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሒሳቡን ለአንባቢ ትተነዋል።

የረጋውን ደም ለማውጣት የራስ ቅል እንደማይከፈትስ? ሐኪሙ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ያስገባል። በራጅ ስክሪን እየተከታተለ በአንገት በኩል እስከ አንጎል ይገፋዋል። ከጫፉ ትንሽ የሽቦ ወንፊት ትዘረጋና የረጋውን ደም ጠልፋ ይዛ ትመለሳለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ቱቦው ራሱ መጥጦ ያወጣዋል። የወንፊቷ ብረት ኒቲኖል ይባላል፤ ኒኬልና ታይታኒየም ተቀላቅለውበት የተገኘው በአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ነው። ቱቦ ውስጥ ተጨምቆ ቢከርምም ሲወጣ የቀድሞ ቅርጹን ይይዛል።

የካቴተር ታሪክ የጀማሪ ሐኪም ድፍረት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1929 ጀርመናዊው ቨርነር ፎርስማን በገዛ ክንዱ ደም ሥር ቱቦ አስገብቶ ወደ ልቡ ከገፋ በኋላ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄደ። አለቆቹ አልወደዱለትም። በ1956 ግን የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው መርሲ የተባለ የረጋ ደም ማውጫ መሣሪያ የቡሽ መንቀያ ይመስል ነበር። ሕክምናውን በቁጥር ያስመሰከረው ግን በ500 የኔዘርላንድ ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ነው፦ ቱቦው ከገባላቸው 100 ሰዎች 33ቱ ገደማ ራሳቸውን ችለው ለመኖር በቁ፤ ካልገባላቸው 100 ሰዎች ግን 19ኙ ብቻ።

የሩማቲክ የልብ በሽታ ልብ ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ፣ ያም ተፈንጥሮ አንጎልን ሊመታ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? በአገራችን ወጣቶችን ጭምር በስትሮክ ከሚጥሉ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። መነሻው ደግሞ ብዙ ጊዜ በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው።

ስለ ስትሮክ መንስኤ ካነሳን፣ በቤንች በኩል ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞ ቅመምና ጨው ይገባበታል። ቅጠሉን ተዉ የሚል የለም፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ጨዉን ይቀንስ። ደም ግፊት ከስትሮክ መንስኤዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው።

በስትሮክ አፉ የጠመመ፣ አንደበቱ የተሳሰረ ሰው ካለ ቡናም ሆነ ውኃ አታጠጡት፤ መዋጥ ስለሚያቅተው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አስፕሪንም በግምት አይሰጥም፤ ስትሮኩ ደም በመፍሰስ የመጣ ከሆነ ያባብሰዋል። በደም መርጋት የመጣውንና በደም መፍሰስ የመጣውን የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። የትኛው ሆስፒታል ሲቲ ስካን እንዳለው ማጣራት ደግሞ ሳይታመሙ ነው።

በሽተኛው ሲነጋ ታሞ ከተገኘ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከነቃበት ሳይሆን ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ በተለምዶ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ይሰጣል። ቱቦው ግን በምስል ተመርምረው ለተለዩ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚኖረው ለቴፒ ሰው ትልቁ ዜና ይኸኛው ነው።