ቀጥታ ዓለም አቀፍ የአየር መስመር በኢትዮጵያ

ቀጥታ ዓለም አቀፍ የአየር መስመር መንገደኛ ወይም ጭነት በጉዞ መሃል አውሮፕላን ሳይቀይር ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የሚደርስበት የበረራ መስመር ነው። አውሮፕላኑ በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ሊያርፍ ይችላል። አየር መንገዱ አውሮፕላንና ተሳፋሪ ቢኖረውም፣ መስመሩ የሚከፈተው መንግሥታት ሲስማሙ ነው።

የመንግሥት ድርሻ

በ1937 ዓ.ም. ቺካጎ ላይ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት እያንዳንዱ አገር በአየር ክልሉ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ አገሮች የሁለትዮሽ የአየር አገልግሎት ስምምነት ይፈራረማሉ፤ በዚህም የሚበሩት አየር መንገዶች፣ መዳረሻ ከተሞችና የበረራ ብዛት ይወሰናሉ። በኢትዮጵያ ይህ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሥራ ነው።

«አምስተኛው ነጻነት» የሚባለው መብት አንድ አየር መንገድ በሁለት የውጭ አገሮች መካከልም ተሳፋሪ እንዲያጓጉዝ ያስችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በሎሜ በኩል ወደ ኒውዋርክ ሲበር የሎሜ መንገደኞችንም የሚጭነው በዚህ መብት ነው።

ታሪክ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በ1965 ዓ.ም. ወደ ቻይና መብረር ጀመረ።

የአፍሪካ አገሮች ሰማያቸውን እርስ በርስ ለመክፈት በ1992 ዓ.ም. ያሙሱክሮ ላይ ወሰኑ። ውሳኔውን ለማስፈጸም የአፍሪካ ነጠላ የአየር ትራንስፖርት ገበያ በጥር 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ይፋ ሆነ፤ ኢትዮጵያም አባል ናት።

የአስመራ መስመር ግን የፖለቲካ ግንኙነት ምን ያህል እንደሚወስን ያሳያል። በጦርነቱ ምክንያት 20 ዓመት ተዘግቶ ቆይቶ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ተቋረጠ።

ኢሉባቦር

የኢሉባቦር ቡና ወደ ውጭ የወጣበት አንዱ የቀድሞ መንገድም በመንግሥታት ስምምነት የተከፈተ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በግንቦት 1894 ዓ.ም. ባደረጉት ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ተፈቀደ። ከጎሬ አካባቢ በጋማ ከብት ወደ ጋምቤላ የሚወርደው ቡና፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር።

ዛሬ የአካባቢው ቡና በመኪና ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በጅቡቲ ወደብ በኩል በመርከብ ይወጣል። የአየር መስመር በይበልጥ የሚጠቅመው መንገደኛንና ቶሎ የሚበላሽ ጭነትን ነው። ከመቱ ወደ ውጭ የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ ቦሌ መድረስ አለበት፤ በመኪና ደግሞ ጉዞው 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጎሬ መቱ አውሮፕላን ማረፊያ ፕሮጀክት ከአገር ውስጥ የበረራ ማስፋፊያ ሥራዎች አንዱ ሲሆን፣ ዓላማው ይህን ርቀት ማሳጠር ነው።