ጨረርና የደም ዘበኞች

አንባቢ ሆይ! በደምዎ ውስጥ ሌትና ቀን ዘብ የሚቆሙ ሊምፎሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት እንዳሉ ያውቃሉን? ለካንሰር የሚሰጠው ጨረር ዕጢውን ሲመታ በዚያ የሚያልፈውንም ደም ያገኘዋል፤ እነዚህ ዘበኞችም በጨረር ቶሎ ከሚሞቱት ሕዋሳት ወገን ናቸው። እጅግ ያነሱባቸው ሕሙማን ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው አጥሮ ተገኝቷል።

ሆኖም የሞተው የካንሰር ሕዋስ ፍርስራሽ የጠላትን መልክ ለዘበኞቹ ያሳያል። አልፎ አልፎም ጨረር ያልነካው ሩቅ ዕጢ ሲሟሽሽ ታይቷል። በ1953 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሞል ይህን «አብስኮፓል» ብሎ ሰየመው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም፣ ከጨረርና ከኬሞቴራፒ በኋላ የዘበኞቹን ልጓም የሚፈታ መድኃኒት የወሰዱ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን፣ በሽታው ሳይብስባቸው ረዘም ላለ ጊዜ እንደቆዩ አሳይቷል።

እንግዲህ ዘመድዎ በጨረር ሲታከም ሐኪሙ ደሙን ደጋግሞ ቢያስመረምር አይሰልቹ፤ ዘበኞቹን እየቆጠረ ነውና።