ሳይሸነፉ የተተዉት

በ2023 የውድድር ዘመን የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን 13 ጊዜ ገጥሞ 13 ጊዜ አሸነፈ፤ የኮንፈረንሱንም ዋንጫ ወሰደ። ዲሴምበር 3 ቀን 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ለአገሪቱ ሻምፒዮንነት የሚፋለሙትን አራት ቡድኖች ሲያሳውቅ ግን ፍሎሪዳ ስቴት አምስተኛ ተብሎ ከውድድሩ ውጭ ሆነ። አራተኛውን ቦታ ያገኘው አንድ ጊዜ የተሸነፈው አላባማ ነበር። የተሰጠው ምክንያት የፍሎሪዳ ስቴትን ጨዋታ ይመራ የነበረው ጆርዳን ትራቪስ በኖቬምበር እግሩን ክፉኛ በመጎዳቱ ቡድኑ የቀድሞው ቡድን አይደለም የሚል ነው። በወቅቱ የፍሎሪዳ ግዛት ዐቃቤ ሕግ የነበሩት አሽሊ ሙዲ ነገሩን በስፖርት ቅሬታነት አላለፉትም። የንግድ ውድድር ሕግ ተጥሶ እንደሆነ ለማጣራት ምርመራ ከፈቱ።

የኳስ ጨዋታና የንግድ ሕግ ምን አገናኛቸው? ለዚህ ጨዋታውን በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል።

የአሜሪካ ፉትቦል ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ የሚወረወርበት ጨዋታ ነው። የኮሌጆቹ ውድድር ከፕሮፌሽናሉ ያላነሰ ይወደዳል፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻውን ከ100,000 በላይ ተመልካች ይይዛል። በላይኛው ምድብ ከ130 በላይ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። እኛ በለመድነው ሊግ ሁሉም ከሁሉም ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጭ ተጋጥሞ ነጥቡ ይቆጠራል። እዚህ ግን አንድ ቡድን በመደበኛው ዘመን የሚጫወተው 12 ጨዋታ ነው፤ ይህም አብዛኛው ኮንፈረንስ ከሚባለው የራሱ ማኅበር አባላት ጋር ነው። ስለዚህ ሳይሸነፉ የጨረሱ፣ ግን ፊት ለፊት ተገናኝተው የማያውቁ ሁለትና ሦስት ቡድኖች ሊኖሩ ይችላሉ። ከመካከላቸው ማን ይበልጣል የሚለውን ሰው መወሰን አለበት፤ ክርክሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ በዝቅተኛዎቹ የፉትቦል ምድቦችና በሌሎች ስፖርቶች የራሱን የፍጻሜ ውድድር ያካሂዳል። በላይኛው የፉትቦል ምድብ ግን እንዲህ ያለ ውድድር አዘጋጅቶ አያውቅም። ከ1936 ጀምሮ የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች በድምፅ ደረጃ ያወጣሉ፤ ጠንካራ ቡድኖች ደግሞ በዘመኑ መጨረሻ ቦውል በሚባሉ የክብር ግጥሚያዎች ይጫወታሉ።

ይህን ዓለም የለወጠው የ1984ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ኤንሲኤኤ አንድ ዩኒቨርሲቲ በቴሌቪዥን የሚተላለፍለትን የጨዋታ ብዛት ይገድብ ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱት፤ ፍርድ ቤቱም 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ገደቡ በ1890 የወጣውን የንግድ ውድድር ሕግ፣ የሸርማንን ሕግ፣ ይጥሳል ሲል በየነ። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ባይረን ዋይት ነበሩ፤ በወጣትነታቸው በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ዝነኛ የፉትቦል ተጫዋች የነበሩ ሰው። ውሳኔው የአንዱን ድርጅት ጠቅላይነት ሰበረ። ይሁንና የማሰራጫ መብቱ ለዩኒቨርሲቲዎቹና ለኮንፈረንሶቻቸው ሲተላለፍ ብዙ ተመልካች ያላቸው ኮንፈረንሶች ገንዘቡንም ሥልጣኑንም ሰበሰቡ። አንድ ጠቅላይ ሲወርድ ጥቂት ኃያላን ቦታውን ያዙ።

በ1998 እነዚሁ ኃያላን ቢሲኤስ የተባለ ሥርዓት መሠረቱ። የስድስት ኮንፈረንሶች ሻምፒዮኖች በታላላቆቹ ቦውሎች ቦታቸው አስቀድሞ የተጠበቀ ነበር። ከእነሱ ውጭ ያለ ቡድን ለዋንጫ መድረስ እጅግ ይከብደው ነበር። በ2008 የዩታ ዩኒቨርሲቲ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ዘመኑን ጨረሰ፤ በሹገር ቦውልም አላባማን 31 ለ 17 ረታ። ለዋንጫው ግን አልተጋበዘም። በቀጣዩ ዓመት የዩታው ሴናተር ኦሪን ሃች ጉዳዩን በሴኔቱ የፀረ ሞኖፖል ንዑስ ኮሚቴ አሰሙ። ባራክ ኦባማም የስምንት ቡድኖች ፍልሚያ እንዲኖር እንደሚሹ በይፋ ተናግረው ነበር። በ2011 የፍትሕ ሚኒስቴር የፀረ ሞኖፖል ክፍል ኃላፊ ክሪስቲን ቫርኒ በላይኛው ምድብ ለምን የፍጻሜ ውድድር እንደሌለ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለኤንሲኤኤ ጻፉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቢሲኤስን ሕገ ወጥ ያለ ፍርድ ቤት የለም። ምክንያቱን መረዳት የነገሩ ቁልፍ ይመስለኛል። የሸርማን ሕግ «ማን ተበደለ?» ብሎ አይጀምርም፤ «ውድድሩ ታፈነ ወይ? ገበያው ተጎዳ ወይ?» ብሎ ነው የሚመዝነው። የቢሲኤስ ጠበቆች መልስ ነበራቸው፦ ቀድሞ አንደኛውና ሁለተኛው ቡድን በተለያዩ የቦውል ውሎች ታስረው አይገናኙም ነበር፤ እኛ አገናኘናቸው፤ ያልነበረ ጨዋታ ፈጠርን እንጂ የነበረውን አላስቀረንም። ተቺዎቹ በበኩላቸው፣ ተፎካካሪ የሆኑ ኮንፈረንሶች ተስማምተው ሌሎችን ከገበታው ማራቃቸውና ገቢውን መከፋፈላቸው ራሱ አፈና ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚይዘው እውነት አለው።

እኔ ግን የተቺዎቹ ክርክር ክብደት ይሰማኛል። መራጩና ተጠቃሚው ሲቀራረቡ ውጤቱ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚያምነው አይገኝም። ፍሎሪዳ ስቴት ከተተወ በኋላ በኦሬንጅ ቦውል በጆርጂያ 63 ለ 3 ተሸነፈ፤ የኮሚቴው ደጋፊዎችም ይህን ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ዋና ተጫዋቾች ከዚያ ጨዋታ ራሳቸውን አግልለው ነበር። ሜዳ ላይ ያልተሸነፈን ቡድን በግምት ማሸነፍ አይቻልም።

ያም ሆኖ የሕግ ጥላው ሥራ ሠርቷል። ወቀሳ በተሰነዘረ፣ ሴኔት በጠራ ቁጥር በሩ ትንሽ ትንሽ ተከፍቷል። በ2014 የውድድር ዘመን አራት ቡድኖች የሚሳተፉበት ፕሌይኦፍ ቢሲኤስን ተካ። በ2021 ሲንሲናቲ ከኃያላኑ ኮንፈረንሶች ውጭ ሆኖ ለመግባት የመጀመሪያው ሆነ። በ2024 ቁጥሩ ወደ 12 ሲያድግ ከፍተኛ ደረጃ ያገኙ አምስት የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች ቦታ ተረጋገጠላቸው፤ በዚህም እንደ ሲንሲናቲ ከኃያላኑ ውጭ የሆነው ቦይሲ ስቴት ሦስተኛ ተመድቦ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወት አለፈ። በሩ መስፋቱ መልካም ነው።

የገንዘቡ ክፍፍል ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዷል። ከ2026 ጀምሮ በሚሠራው ስምምነት ኤስኢሲና ቢግ ቴን የተባሉት ሁለት ኮንፈረንሶች እያንዳንዳቸው ከፕሌይኦፉ ገቢ 29 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ፤ የፕሌይኦፉን የወደፊት ቅርጽ በመወሰንም ትልቁ ድምፅ የእነሱ ነው። ትናንሾቹ ኮንፈረንሶች በአንድነት የሚደርሳቸው 9 በመቶ ያህል ነው።

ይህ ልዩነት የቴሌቪዥን ጣቢያና የአሰልጣኝ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ክፍላቸውን የሚደጉሙት ከተማሪዎች በሚሰበስቡት ክፍያ ነው። በኮሎምበስም ሆነ በዳላስ፣ በአትላንታም ሆነ በዋሽንግተን አካባቢ ልጃችሁን ኮሌጅ የምታስተምሩ ወላጆች የሴሚስተሩን የክፍያ ዝርዝር አንድ ጊዜ በጥሞና አንብቡት፤ ለአትሌቲክስ የተመደበው ስንት እንደሆነም ትምህርት ቤቱን ጠይቁ።