ከገናው ዘፈን በፊት አልትራቮክስ ነበር

የሰባ ሰባቱን ድርቅ የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ቦብ ጌልዶፍን በስም ያውቀዋል። ለዚያ ድርቅ እርዳታ የተሠራውን የገና ዘፈን አብሮት የደረሰውን፣ ሙዚቃውን በቤቱ ስቱዲዮ ያቀነባበረውንና ቀረጻውን የመራውን ስኮትላንዳዊ ሚጅ ዩርን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ዩር በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር የሆነ የአልትራቮክስ ባንድ ድምፃዊና ጊታር ተጫዋች ነበር። ባንዱ የኒው ዌቭ ሙዚቃ ከፈጠራቸው ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ነው። ኤሌክትሪክ ማሽንና ቪዮላ አንድ ላይ አስቀምጦ እውነተኛ ሐዘን ማሰማት የቻለ ሌላ ቡድን አላገኘሁም። ስለዚህ ስሙ ከእኛ መከራ ጋር ከመነሣቱ በፊት በራሱ ሥራ ቢታወቅ ደስ ይለኛል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በ1974 ለንደን ውስጥ ነው። ዴኒስ ሊ የተባለ የሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ተማሪ ጓደኞች አሰባስቦ ታይገር ሊሊ የሚባል ባንድ አቋቋመ። ቤዝ የሚጫወተው ክሪስ ክሮስ፣ ጊታሩን የያዘው ስቲቪ ሺርስ፣ ድራም የሚመታው ካናዳዊው ዋረን ካን ነበሩ። ኪቦርድና ቫዮሊን ይዞ የተቀላቀለው ቢሊ ከሪ ደግሞ ከሀደርስፊልድ የመጣ፣ ቪዮላን በትምህርት ቤት በወጉ የተማረ ወጣት ነበር። በ1976 አይላንድ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ሲያስፈርማቸው ዴኒስ ሊ ስሙን ወደ ጆን ፎክስ፣ ባንዱም ስሙን ወደ አልትራቮክስ ለወጡ። በስማቸው መጨረሻ ላይ ቃለ አጋኖ ያደርጉ ነበር፤ ይህም ኖይ ለተባለው የጀርመን ባንድ አክብሮታቸውን የገለጹበት ነው። ነገሩ ተራ ጌጥ ይመስላል እንጂ ጆሯቸው ወዴት እንደተቀሰረ ከመነሻው ይነግረናል።

ጊዜው የፓንክ ዘመን ነበር። በለንደን ትንንሽ አዳራሾች ወጣቱ ሦስት ኮርድ ይዞ በቁጣ ይጮኻል፤ ብዙ መሣሪያ መቻል እንደ ነውር ይቆጠራል። አልትራቮክሶች ቁጣውን ቢጋሩም በሦስት ኮርድ መወሰን አልፈለጉም። ኒው ዌቭ የሚባለው የሙዚቃ ዘርፍ የተወለደውም ከእንዲህ ዓይነቱ እምቢታ ነው። የፓንክን ጉልበትና አጭር ዘፈን ይዞ፣ ሲንተሳይዘርን፣ የሥነ ጥበብ ትምህርትንና የአውሮፓን ሲኒማ ጨመረበት። በ1977 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ከሮክሲ ሙዚክ የወጣው ብራያን ኢኖ ከስቲቭ ሊሊዋይት ጋር ሆኖ ፕሮዲውስ አደረገላቸው። በዚያው ዓመት የተከተለው ሁለተኛው አልበም በአብዛኛው የጊታር ጩኸት ነው። የመጨረሻው ዘፈን «ሂሮሺማ ሞን አሙር» ግን ሌላ ዓለም ነው። ድራሙ በሰው እጅ የሚመታ አይደለም፤ ሮላንድ ቲአር-77 የተባለ የሪትም ማሽን ነው፤ በላዩ ላይ ሳክስፎን ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ በዚያ አንድ ዘፈን ውስጥ መስማት ይቻላል።

በ1978 ሺርስ ወጥቶ ሮቢን ሳይመን ጊታሩን ያዘ። ባንዱ ሦስተኛ አልበሙን «ሲስተምስ ኦፍ ሮማንስ»ን ለመሥራት ወደ ጀርመን ተጓዘ። የኖይን ሙዚቃ የቀረጸው ኮኒ ፕላንክ ከኮሎኝ ከተማ አጠገብ አንድ አሮጌ የገበሬ ቤት ስቱዲዮ አድርጎ ይሠራ ነበርና ወደ እሱ ሄዱ። ከሪ እጁን በአርፕ ኦዲሲ ላይ ያፍታታው እዚህ ነው። ኦዲሲ በአንድ ጊዜ ቢበዛ ሁለት ኖታ ብቻ የሚያወጣ አነስ ያለ ሲንተሳይዘር ነው። በውስጡ ሁለት የድምፅ ምንጮች አሉ። አንደኛው የሌላውን ዙር እየተከተለ እንዲጀምር አስገድደው ኖታውን ወደ ላይ ሲገፉት ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ያለቅሳል። ከሪ እንደ ቫዮሊን ተጫዋች ያስባልና በቫዮሊን አንገት ላይ ጣቱን እንደሚያንሸራትት ሁሉ ኖታውን እየጎተተ ይጫወተዋል። ብዙ ሰው በአልትራቮክስ ዘፈኖች ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ሶሎ የሰማ የሚመስለው ይሄኔ ነው።

አልበሙ ግን አልተሸጠም። አይላንድ አሰናበታቸው። በ1979 መጀመሪያ ላይ ያለ ኩባንያ አሜሪካን ዞሩ፤ ጉዞው ሲያልቅ ፎክስ ለብቻው እንደሚሠራ ነግሯቸው ወጣ፤ ሳይመንም እዚያው አሜሪካ ቀረ። ዘፋኝ የለ፣ ጊታር የለ፣ ኩባንያ የለ። እንዲህ የሆነ ባንድ አብዛኛውን ጊዜ ይፈርሳል። የቀሩት ሦስቱ፣ ካን፣ ክሮስና ከሪ፣ ስሙን ይዘው ጠበቁ። በዚያው ዓመት ጋሪ ኑማን የተባለ ወጣት በሲንተሳይዘር ሙዚቃ የእንግሊዝን ሰንጠረዥ አናት ሲቆጣጠር የአልትራቮክስ ተማሪ መሆኑን በግልጽ ይናገር ነበር፤ ከሪንም በባንዱ ውስጥ አስገብቶ ዞረ። መምህሮቹ ሥራ ፈተው ተማሪው ነገሠ ማለት ነው።

ሚጅ ዩር የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በግላስጎው አጠገብ ካምበስላንግ የተወለደው ዩር በ1976 ስሊክ ከሚባል የወጣቶች ባንድ ጋር አንደኛ የወጣ ዘፈን ነበረው። ከዚያ ከሴክስ ፒስቶልስ ከወጣው ግሌን ማትሎክ ጋር በሪች ኪድስ ተጫወተ፤ በ1979 ደግሞ ቲን ሊዚ ጊታር ተጫዋቹ ሲጎድልበት በአሜሪካ ጉዞ መሐል ገብቶ ሸፍኖለታል። ከከሪ ጋር የተገናኙት ቪሳጅ በሚባለው የስቱዲዮ ሥራ ላይ ነው። ዩር አልትራቮክስን ሲቀላቀል ከአንድ ዘፋኝ በላይ ነበር። ዜማ ያወጣል፣ ጊታር ይጫወታል፣ ስቱዲዮ ውስጥ የቱን ቁልፍ መንካት እንዳለበት ያውቃል። አራቱ አዲሶቹን ዘፈኖች መጀመሪያ አሜሪካ ወስደው በመድረክ ሞከሯቸው፤ ተመልሰው ከፕላንክ ጋር በሦስት ሳምንት ያህል ቀረጿቸው። ክሪሳሊስ የተባለው ኩባንያ አስፈረማቸውና በ1980 «ቪየና» የተሰኘው አልበም ወጣ።

በአልበሙ ስም የተሰየመው ዘፈን ላይ ትንሽ ልቆይ። የሚከፈተው በሪትም ማሽን ነው፤ ከባድ ምት፣ ቀጥሎ ረጅም ባዶ ቦታ፣ ቀጥሎ ሌላ ምት። ከሥር የክሮስ ሚኒሙግ ሲንተሳይዘር ቤዙን ይዟል። ዩር ሲጀምር ለአንድ ሰው የሚያወራ ያህል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ፒያኖው ጥቂት ኖታ ጣል ያደርግና ይተዋል። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ድምፁ ሳይታሰብ ይከፈትና አዳራሽ ይሞላል። ከዚያ መሐል ላይ ፍጥነቱ ይለወጣል፤ ሙዚቃው መሮጥ ይጀምራል፤ የከሪ ቪዮላ ይገባል። ከሪ ይህን ክፍል ሲያስብ ጀርመናዊውን አቀናባሪ ማክስ ሬገርን በልቡ ይዞ ነበር። ቪዮላ ከቫዮሊን ወፈር ያለ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ አለው፤ በማሽን ምት ላይ ሲቀመጥ ብቻውን የቀረ ሰው ይመስላል። ሩጫው ረግቦ የመጀመሪያው ምት ሲመለስ ያው ማሽን ነው፤ ግን በመካከል የሆነውን ሰምተናልና አሁን ይከብዳል።

ኩባንያው ዘፈኑን በነጠላ ለማውጣት አልፈለገም። ረዘመ፣ ቀዘቀዘ አሉ። ባንዱ ግን አልተበገረም። ሸክላው በጥር 1981 ወጣ። ራስል መልካሂ የሠራው ቪዲዮ ግማሹ ለንደን ውስጥ፣ ግማሹ በክረምት ቪየና ከተማ ተቀረጸ፤ በሽፋኑ ላይ ያለው ሐውልት የቪየና መካነ መቃብር ውስጥ ካለው የፒያኖ ሠሪው ካርል ሽቫይግሆፈር መቃብር የተነሣ ነው። ዘፈኑ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ለአራት ሳምንታት ሁለተኛ ሆኖ ቆመ። አንዱን ሳምንት ያገደው ከጥቂት ሳምንታት በፊት የተገደለው የጆን ሌነን ዘፈን ነው፤ ቀሪዎቹን ሦስት ሳምንታት ያገደው ግን በጣሊያንኛ ቅላፄ የተዘፈነ የጆ ዶልቼ የቀልድ ዘፈን ነበር። እንግሊዞች ይህን አልረሱትም። በ2012 ቢቢሲ ሬዲዮ 2 ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከቀሩ ዘፈኖች ሁሉ የሚወዱትን እንዲመርጡ አድማጮቹን ሲጠይቅ የመረጡት «ቪየና»ን ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት የድል ነበሩ። በ1981 ለ«ሬጅ ኢን ኢደን» አንድም ዘፈን ሳያዘጋጁ ወደ ፕላንክ ስቱዲዮ ገቡና እዚያው ፈጠሩት፤ ጨለም ያለና ደፋር አልበም ነው። በ1982 ለ«ኳርቴት» የቢትልሶቹን ፕሮዲውሰር ጆርጅ ማርቲንን ይዘው ጥርት፣ ጽድት ያለ ድምፅ አወጡ፤ ለእኔ ትንሽ ከመጠን በላይ ጸድቷል። በ1984 «ላሜንት»ን ራሳቸው ፕሮዲውስ አደረጉ። ሦስተኛ የወጣው «ዳንሲንግ ዊዝ ቲርስ ኢን ማይ አይስ» ከዚህ አልበም ነው፤ በቪዲዮው ዩር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫው ሊፈነዳ መሆኑን አውቆ ወደ ቤተሰቡ የሚሮጥ ሠራተኛ ሆኖ ይታያል። ቼርኖቢል የፈነዳው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከ1980 እስከ 1986 ያወጧቸው ሰባት አልበሞች በሙሉ የእንግሊዝ ምርጥ አሥር ውስጥ ገብተዋል።

«ላሜንት» በወጣበት ዓመት፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ቢቢሲ ማይክል በርክ ያቀረበውን፣ መሐመድ አሚን በካሜራ ያነሣውን የቆረም ረሃብ ዘገባ አሳየ። ጌልዶፍ ቤቱ ሆኖ አየው። ያኔ የፍቅር አጋሩ የነበረችው ፖላ የትስ በኒውካስል የቴሌቪዥን ፕሮግራም ታቀርብ ነበርና ስልክ ሲደውልላት ዩር ለፕሮግራሙ እዚያው ተገኝቶ ነበር፤ ስልኩን ተቀበላትና ሁለቱ ተነጋገሩ። ጌልዶፍ ለራሱ ባንድ ጀምሮት የነበረ ግጥም አመጣ፤ ዩር በኪቦርድ ዜማ አወጣ። ፕሮዲውሰር እንዲሆንላቸው የጠየቁት ትሬቨር ሆርን ለዚህ ሥራ ስድስት ሳምንት ያስፈልገኛል አለ። እነሱ ያን ያህል ጊዜ አልነበራቸውም፤ ሆርን በምትኩ ስቱዲዮውን ለአንድ ቀን በነፃ ሰጣቸው። ዩር መሠረታዊውን ሙዚቃ በቤቱ በማሽን ሠርቶ ይዞ መጣ። እሑድ ኅዳር 16 ቀን ጆርጅ ማይክል፣ ቦኖ፣ ስቲንግ፣ ከኒውዮርክ በኮንኮርድ የበረረው ቦይ ጆርጅና ሌሎችም በየተራ ዘፈኑ፤ ፊል ኮሊንስ ድራሙን መታ። ዝነኞቹ ሲበተኑ ዩር ሌሊቱን ሙሉ ድምፁን ሲያመጣጥን አደረና ጠዋት ሥራው ለኅትመት ሄደ። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 1 ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጠ።

የዘፈኑ ርዕስ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። አክሱም ክርስትናን የተቀበለችው በአራተኛው መቶ ዘመን ነው፤ ታኅሣሥ 29ን የማያውቅ ወሎዬ ወይም ትግሬ ገበሬ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። በቆረም ሜዳ ላይ የወደቀው ሰው ያጣው እህል ነበር። ይህን ጥያቄ ባነበብኩት ቁጥር ቅር ይለኛል፤ ቅሬታዬን ከምስጋናዬ ጋር አልለዋወጠውም። በዚያች ሌሊት ስቱዲዮ ውስጥ ያደረው ሰው ሥራውን በቁም ነገር እንደሠራ አምናለሁ፤ ከዚያ በኋላም ከዘፈኑ የተወለደው የባንድ ኤይድ በጎ አድራጎት ድርጅት ባለአደራ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል።

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. አልትራቮክስ በዌምብሌ ስታዲየም ለዚያው ድርቅ በተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ መድረክ ላይ አራት ዘፈን ተጫወተ፤ «ቪየና» ከአራቱ አንዱ ነበር። ያ ቀን ለባንዱ ከፍታም ቁልቁለትም ሆነ። ዩር በዚያው መጸው በስሙ ያወጣው ዘፈን አንደኛ ወጣ፤ «ቪየና» ያላገኘውን ደረጃ ለብቻው አገኘ። ልቡ ለሁለት ተከፈለ። በ1986 ዋረን ካንን ከባንዱ አስወጡት፤ ይህ ለእኔ የሠሩት ትልቁ ስሕተት ነው፤ የማሽኑንና የሰውን ምት ያስማማው እሱ ነበርና። «ዩ-ቮክስ» የተባለው አልበም በተውሶ ድራመር፣ በአይሪሾቹ ቺፍተንስ ዋሽንትና በኦርኬስትራ ተሠራ፤ እያንዳንዱ ዘፈን ወደየራሱ ይጎትታል። በ1987 ተበተኑ። ከሪ በ1990ዎቹ በሌሎች ዘፋኞች ሁለት አልበም አወጣ፤ አልተያዘለትም።

በ2009 አራቱ በአንድ መድረክ ሲቆሙ ከላይቭ ኤይድ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ክሮስ በመካከሉ የሥነ ልቦና ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ቆይቷል። በ2012 «ብሪሊያንት» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ከሲምፕል ማይንድስ ጋር በትላልቅ አዳራሾች ዞሩ። ክሮስ በ2024 በ71 ዓመቱ አረፈ።

ለመስማት የሚፈልግ ሰው ከምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ባይጀምር እመክራለሁ። መጀመሪያ «ሲስተምስ ኦፍ ሮማንስ»ን፣ ወዲያው ቀጥሎ «ቪየና»ን በሙሉ ይስማ። ፕሮዲውሰሩ ያው ፕላንክ ነው፤ ከሪ፣ ክሮስና ካን እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ፎክስ በዩር፣ የሳይመን ጊታር በዩር ጊታር መተካቱ ብቻ ነው። ፎክስ ስሜቱን ደብቆ ይዘፍናል፣ ዩር ደረቱን ከፍቶ። በሁለቱም ውስጥ የከሪን ኦዲሲ በጆሮው ይከተል፤ የባንዱ እውነተኛ ድምፅ የትኛው ዘፋኝ ነው የሚለውን የቆየ ክርክር በራሱ ይፈርዳል። የእኔ ፍርድ ለቪዮላው ነው።